አርባ አንድ ዲስክ

ውሉ ሲፈረም እኔም ነበርኩ። ነበርኩ ብቻ ሳይሆን ከሁለቱ ምስክሮች አንዷ እኔው ነኝ፤ በአራተኛው ገጽ ግርጌ ነፃነት ሀብተወልድ ተብሎ ስሜ ሰፍሯል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ያቺ ሁሌ የምትቸኩል ፊርማዬ አለች። ይሄን ከፊት የማስቀድመው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራችሁ ብዬ ነው። ሐረር ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።

የተሸጠው ነደባ ፊልም ስቱዲዮ ነው። በኤረር በር ወደ ጀጎል ሲገባ፣ ባጃጅ የማያልፍበት ጠባብ መንገድ ላይ፣ ሐጂ ዐብዱልገኒ ከአባታቸው የወረሱት ቤት ውስጥ ነበር። ነደባ ማለት በሐረሪ ቤት ሳሎን ደረጃ ደረጃ ሆኖ የሚሠራው ቀይ መደብ ነው፤ ሐጂ ስሙን ከዚያ አወጡት። እዚያ መደብ ላይ በሃያ ሁለት ዓመት ዘጠኝ ፊልም ሠርተናል። ሰባቱ ሐረርና ድሬዳዋ ታይተው ቀሩ፣ አንዱ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ፣ አንዱን ደግሞ እኛም ጨርሰን ማየት አልቻልንም። በልተን ያደርነው በፊልም ሳይሆን በሰርግ ነው። እኔ ሰርግ አነሳለሁ፣ ሐጂ በሰርጉ ገንዘብ ፊልም ይሠራሉ፣ ፊልሙ ይከስራል፣ እኔ ሌላ ሰርግ አነሳለሁ። እናቴ እልፍነሽ፣ የሰው ሰርግ ስታነሺ የራስሽን አሳለፍሽው ትለኛለች፤ ብላኝ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ።

የሴቶቹን ወገን የማነሳው እኔ ብቻ ነበርኩ። በጀጎል ሰርግ ሴቶቹ ለብቻቸው ይሰበሰባሉ። በር ይዘጋል፣ ሻሽ ይወልቃል፣ ከበሮ ይመታል፣ መንገድ ላይ አንገቷን ደፍታ የምታልፈው ሴትዮ መሀል ገብታ ወገቧን ይዛ ስትጨፍር ታዩዋታላችሁ። ማለቴ፣ አታዩዋትም፤ የማያት እኔ ነኝ። ክርስቲያን ነሽ፣ ከግንብ ውጭ ነው ቤትሽ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ካሜራዬን ይዤ እገባለሁ፣ አለቀ። ሰርጉ ሲያበቃ የሙሽራዋ እናት እጄን በሁለት እጇ ይዛ አንድ ቃል ትለኛለች፤ "አማና።" አደራ ማለት ነው፣ አላህ የሚጠይቅበት አደራ። አንዱ ቅጂ ለሙሽራዋ ይሰጣል። ዋናው ስቱዲዮ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ሲዲ ይሰነጠቃል፣ ዕቃ ቤት ሲቀየር ይጠፋል፣ ባልና ሚስትም ይፋታሉ። ዋናዎቹ በአርባ አንድ ሃርድ ዲስክ ሆነው አረንጓዴ የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ነበሩ፣ ቁልፉ እኔ አንገት ላይ። ቁምሳጥኑ ከሐጂ ወንበር ሦስት እርምጃ ላይ ነው የቆመው፤ እሳቸው አንድ ቀን ከፍተውት አያውቁም።

ገዢው ዚያድ ይባላል፣ የሐጂ እህት ልጅ ነው። አዲስ አበባ ያደገ፣ ጫማው አቧራ የማይነካው፣ ሲያወራ ዓይን ዓይን የሚያይ። የማስታወቂያ ድርጅት ነበረው። ነደባን እስከ ጅቡቲ የሚታወቅ አደርገዋለሁ አለ። ሐጂ ደግሞ ስኳሩ ዓይናቸውን እየተጫነው ስለነበር የሚያሳርፋቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ወረቀቱ መጣ። ሁለተኛው ገጽ ላይ "ካሜራዎች፣ መብራቶች፣ ኮምፒውተሮች እንዲሁም በስቱዲዮው ውስጥ የሚገኙ ማናቸውም የተቀረጹ ምስሎች በሙሉ" የሚል መስመር አለ።

አነበብኩት። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። "የሴቶቹ ሲቀር" የሚል ይጨመርበት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አማና ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ይጻፍልን ማለት አናምንህም ማለት ነው፤ የእህት ልጅን፣ ሽማግሌ ፊት፣ ዱዓ በተደረገ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አናምንህም ማን ይለዋል? ሐጂን ቀና ብዬ አየኋቸው። የገባቸው መሰለኝ፤ ዓይናቸውን ወደ መደቡ መለሱ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ይሉኝታቸውን ከሳቸው በላይ ተምሬው ኖሯል፤ ፈረምኩ።

ዚያድ የመጀመሪያ ሥራው ከበራችን የሚበልጥ ሰሌዳ ማሠራት ነበር። ሰሌዳው በጠባቡ መንገድ አልዞር ብሎ ሦስት ቀን ኤረር በር ቆሞ የፍየል ጥላ ሆነ። ከዚያ ከአዲስ አበባ አሥራ አራት ሰው አመጣ፣ ለእኔም የአርካይቭ ኃላፊ የሚል ማዕረግና ጀርባው የተሰበረ ወንበር ሰጠኝ። ካሜራ ግን ወሰደብኝ። ያንን ወንበር እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ።

ትልቁ ሥራ ባለ ሃያ አራት ክፍል ታሪካዊ ድራማ ነበር። ዚያድ መሣሪያዎቹን ለባንክ አስይዞ ተበደረና ከሐረር ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ ላይ ቀረጻ ጀመረ። ሃያ ፈረስ አስመጣ። ፈረሶቹ በሁለተኛው ቀን የገበሬውን ማሽላ በልተው ጫቱን ረግጠው አደሩ፤ የካሣው ሽምግልና አምስት ቀን ፈጀ፣ ካሣውም ከዋናው ተዋናይ ደሞዝ በለጠ። ጄኔሬተሩ ሲጮህ ድምፅ አይቀረጽም፣ ሲጠፋ መብራት የለም። ዋናው ተዋናይ ደግሞ ሆቴሉ ውኃ ከሌለው ጢሜን አልለጥፍም አለ፤ ሐረር ውስጥ ውኃ የማይጠፋበት ሆቴል ፍለጋ ሁለት መኪና ቀን ሙሉ ሲዞር ዋለ። እኔ ከተሰበረው ወንበሬ ላይ ሆኜ እስቃለሁ። በኋላ ሳስበው የምስቀው በራሴ ቤት ላይ ነበር።

በሰባተኛው ወር ስፖንሰሩ ጥሎ ወጣ። ስድስት ክፍል ተቀርጾ፣ ሁለቱ ብቻ ኤዲት ተደርገው ነበር። ደሞዝ ቆመ፣ የአዲስ አበባዎቹ በየተራ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ሐጂ የቀረ ክፍያቸውን ቼክ ባንክ ይዘው ሲሄዱ ስንቅ የለውም ተባሉ። ወንጀል ነው፣ ክሰሱት ያላቸው ብዙ ነው። "እህቴን ምን ልላት?" አሉና ቼኩን አጥፈው ቁርኣናቸው ውስጥ አስቀመጡት። ተናደድኩባቸው። እሳቸው ሲታመሙ ደግሞ በተናደድኩት ተናደድኩ።

ዚያድ ቁምሳጥኑን ያየው ያኔ ነው። በፊት የወንዶቹን ወገን፣ የዱዓውንና የግብዣውን፣ ዩቲዩብ ላይ ጭኖ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አንድ ጠዋት መጥቶ ከፊቴ ቆመና የሴቶቹን ፈልጎ ቁልፉን ጠየቀኝ። ዲስኮቹ ተበላሽተዋል አልኩት፤ ፊቴ ውሸት አይችልም፣ አላመነኝም። ፊታቸውን እናደበዝዘዋለን አለ። ጀጎል ውስጥ ሰው ሴትን በፊቷ ብቻ የሚለይ መስሎታል፤ በእጇ ሒና፣ በአረማመዷ፣ በሳቋ ነው የሚያውቃት። ይሄን ነገርኩት። ሁለተኛውን ገጽ አውጥቶ አሳየኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገ፤ መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። የእናቱን ቤት ጭምር እንዳስያዘ የነገረኝ ያን ቀን ነው። አዘንኩለት፣ ቁልፉን ግን አልሰጠሁትም። በማግስቱ ስልኩ ዝግ ሆነ፤ አዳማ ሌላ ሥራ ጀምሯል ሲሉ ሰማሁ።

ባንኩ መጥቶ በሩን አሸገ። ቁልፌንም ፈርሜ አስረከብኩ፤ መፈረም ለምዶብኛል። በሩ ላይ የሐራጅ ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይላል። ማስታወቂያው በተለጠፈ በሁለተኛው ቀን አንድ ሰውዬ ከድሬዳዋ መጣ። የዩቲዩብ ቻናል አለው፣ ዚያድ ስለ ቁምሳጥኑ ነግሮታል። ካሜራውንና መብራቱን አልፈልግም፣ ለዲስኮቹ ነው የመጣሁት አለኝ፣ ለሴቶቹ እንደማዳላ ሳያስብ። የሴቶቹ ነው ተመልካች ያለው አለና ስልኩን አውጥቶ ከሌላ አገር ሰርግ የተሰረቀ ቪዲዮ አሳየኝ፤ አንድ ሚሊዮን ሰው አይቶታል። ሴትዮዋ ሙሽራ ነበረች፣ እየሳቀች።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከኤረር በር እስከ ሸዋ በር ሁለት ጊዜ ሄድኩ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ገበያ ውስጥ የማውቃት ሴት ሁሉ ሰላም ስትለኝ ዲስክ ቁጥሯ ነው የሚመጣብኝ። ጀናት፣ አሥራ ዘጠኝ። ዘምዘምና እህቷ፣ ሃያ ሰባት። ሦስተኛው ዙር ላይ እግሬ ራሱ አይ ሐዋ ቤት ወሰደኝ።

አይ ማለት እናት ነው፤ አይ ሐዋን ጀጎል በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። የሴቶቹ አፎቻ ሰብሳቢ ናቸው፤ አፎቻ ለሰርግም ለለቅሶም የሚቆም የጋራ ማኅበር ነው። ልጃቸው ጃሚላ የመጀመሪያዋ ሙሽራዬ ነበረች። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ካሜራው እጄ ላይ እየተንቀጠቀጠ ያነሳሁት ሰርግ የእሷ ነው። ጃሚላ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች፣ ናዝራን፤ ናዝራ አራት ዓመት ሳይሞላት ጃሚላ ታማ ሞተች። የቤታቸው ቅጂ በዚያ ዓመት ጠፍቷል። ዋናው ዲስክ ቁጥር አንድ ላይ ነው።

አይ ሐዋ ሲሰሙ አልጮሁም። አፎቻውን ለዐሥር ሶላት ሰዓት ጠሩ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች መጥተው የቤታቸውን መደብ ሞሉት። ቆሜ ነገርኳቸው። ሁለተኛውን ገጽ አንብቤ እንደፈረምኩም ነገርኳቸው። ቁጣ ነበር የጠበቅኩት፤ አንዷም አልተቆጣችኝም። ያ ባሰ። ሁሉም ቤታቸው ያስገቡኝ፣ ያጎረሱኝ፣ ልጅ ሲወልዱ ያሳዩኝ ናቸው።

በማግስቱ አይ ሐዋና እኔ አዲሱ ከተማ ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ጠበቃው ጥሩ ሰው ነው፣ መጽሐፍ አወጣ። ሕጉ የሰው ምስል ያለፈቃዱ እንዳይታይ ይከለክላል አለ፣ ውሉ ምንም ቢል። አይ ሐዋ ፊታቸው በራ። ከዚያ ጠበቃው ቀጠለ፤ ከሳሿ ምስሉ የእሷ መሆኑን ማስረዳት አለባት፣ ስለዚህ ዲስኩ ችሎት ላይ ተከፍቶ እያንዳንዷ ይቺ እኔ ነኝ ትላለች።

"ማን ፊት?" አሉ አይ ሐዋ።

ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ የባንኩ ጠበቃ፣ ምናልባት በሐራጅ የሚገዛውም አለ ጠበቃው። አይ ሐዋ አመሰገኑት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ደረጃውን ስንወርድ፣ ይሄን ሕግ የጻፈው ሰው ሚስት አልነበረውም አሉኝ። መሳቅ አማረኝ፣ አልሳቅኩም።

መውጫው ከባንኩ በኩል መጣ። የንብረት ሠራተኛው አብዱልፈታ ደወለልኝ፤ ከሐራጁ በፊት መሣሪያዎቹ መሥራታቸውን የሚያረጋግጥ ባለሙያ ያስፈልጋል፣ ከአንቺ ሌላ የሚያውቃቸው የለም፣ የሁለት ቀን አበል አለው አለ። ዓርብ ጠዋት ማኅተሙን አብረን ፈታን። አብዱልፈታን አውቀዋለሁ። ከአራት ዓመት በፊት የሰርጉ ቀን ከሴቶቹ በር ውጭ ቆሞ ሚሪንዳ በመስኮት ሲያቀብል የነበረ ሙሽራ ነው። የሚስቱ ዲስክ ሠላሳ ስምንት ነው። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ አንዳችንም አላነሳነውም።

የሐራጁን ዕቃ ዝርዝር ሰጠኝ። አንብቤ ጨርሼ እንደገና አነበብኩት።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አልኩት። "ዲስኮቹ ለገዢው ሲሰጡ ባዶ ነው ወይስ እንዳሉ?"

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። "ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት። ሃርድ ዲስክ፣ ብዛት አርባ አንድ፣ የሚሠራ" ብሎ አነበበ። "ውስጡ ስላለው የተጻፈ ነገር የለም።"

"ስለዚህ?"

"ስለዚህ መሥራታቸውን አረጋግጪና ፈርሚ። እኔ ሰኞና ማክሰኞ ሌላ ቅርንጫፍ ነኝ፤ ቁልፉ አንቺ ጋ ይቆይ።" በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ግን ዞር አላለም። "የሚስቴ እናት ስምሽን ስታነሳ ሁሌ ትመርቅሻለች" ብሎ ወጣ።

ያን ዕለት ከሰዓት አፎቻው እንደገና ተቀመጠ። ዲስክ ዝም ብሎ ፎርማት ቢደረግ የሚችል ሰው በማግስቱ እንደሚመልሰው፣ በላዩ ላይ ተጽፎበት መጥፋት እንዳለበት፣ ይሄ ደግሞ ለአርባ አንዱ ሁለት ቀን ሙሉ እንደሚፈጅ አስረዳኋቸው። አንዷ መጀመሪያ ለየራሳችን ገልብጪልን አለች። ሌላዋም፣ ሌላዋም። ጊዜው አይበቃም አልኩ። ቢበቃስ ዋናውን ሁሉ ሰብስቦ ማን ይይዘዋል የሚል ጥያቄ ከኋላ መጣ፤ ሁሉም ወደ አይ ሐዋ ዞሩ።

"እስከ ዛሬ ነፃነት ነበረች የያዘችው" አሉ አይ ሐዋ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው የወጋኝ። "አንዷን ካወጣን ሁላችንም እናውጣ እንላለን፣ ሐሙስ ይደርሳል። ሁሉም ይጥፋ። የጃሚላዬም።"

የመጨረሻውን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። እሺ አልኩ፤ አይ ሐዋ እንደ ድሮው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ያንኑ ቃል አሉኝ። ፊርማ አልነበረበትም፣ ምስክር የሚሆነኝ ወረቀትም የለም።

ሰኞ ጠዋት ሥራውን ከዲስክ ሁለት ጀመርኩ። ለምን ከሁለት እንደጀመርኩ ለራሴ አልነገርኩትም። ኮምፒውተሩ አራት አራት ይቀበላል፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይሮጣል፣ እኔ ሳሎኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። የቆምኩባቸው ቤቶች፣ የበላሁበት ሰሃን፣ የጭፈራው ወለል፣ ሁሉም በመቶኛ እየተቆጠረ ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ይሄ ነበር፤ ሌላ የማሳየው ሥራ የለኝም። ለነገሩ ይሄንንም ማሳየት አልችልም ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ፍላሽ አውጥቼ ዲስክ አንድን ሰካሁ፣ የጃሚላን ጭፈራ አሥራ ሁለት ደቂቃውን ገለበጥኩና ፍላሹን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። ለናዝራ ነው አልኩ። ናዝራ በሚመጣው ወር ታገባለች፤ እናቷ የሌለችበት ሰርግ ላይ የምሰጣት ስጦታ ይሄ ነው አልኩ። ቃሌን በሰጠሁ በሦስተኛው ቀን በላሁት፣ በልቼም ጥሩ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት የቀረው ዲስክ አንድ ብቻ ሲሆን ናዝራ ራሷ መጣች። አይ ሐዋ ናቸው የላኳት፤ አንዴ ትየው፣ ከዚያ ይጥፋ ብለዋል። ሃያ ዓመቷ ነው፣ የአያቷ ግንባር፣ የእናቷ ጥርስ። በሩን ዘጋሁት። ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳት፣ ራሴ ከጀርባዋ ቆምኩ።

ምስሉ ደብዝዟል፣ ከእጄ መንቀጥቀጥ ጋር ይንቀጠቀጣል። ጃሚላ መሀል ላይ ነበረች። ናዝራ ጠጋ አለች። ዙሪያዋን ስልሳ የሚሆኑ ሴቶች ያጨበጭባሉ፤ አይ ሐዋ ጸጉራቸው ሳይሸብት፣ ሻሻቸውን ጥለው ከበሮ ይመታሉ። ናዝራ ሳቀች፣ አያቷን እንዲህ አይታቸው አታውቅም። ጃሚላ እየጨፈረች መጣች፣ እየቀረበች ፊቷ ስክሪኑን ሞላው፣ ላብ በላብ ሆና። ይሄን ረስቼው ነበር። እውነቴን ነው፣ ትናንት ስገለብጥ ድምፁን ዘግቼ ነበር።

"ነፃነት" አለች ጃሚላ ከስክሪኑ ውስጥ፣ እየሳቀች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "ይሄን ለማንም እንዳታሳዪ። ለባሌም ቢሆን። አማና።"

የሃያ ሁለት ዓመቷ እኔ ከካሜራው ጀርባ፣ እሺ፣ ወላሂ አለች። ክርስቲያኗ ወላሂ ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እዚያ ላይ ምስሉ አለቀ።

ናዝራ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና የትኛውን እንደምትጫን ጠየቀችኝ። እኔ አደርገዋለሁ አልኳት።

"አንቺ አይደለሽም" አለች። "እማ የጠየቀችው ነገር ነው። እኔ ላድርግላት።"

አሳየኋት። ተጫነችው። ቁጥሩ መሮጥ ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እስከ መቶ ድረስ አብራኝ ቆየች፣ ፍላሹ ደረቴ ላይ እየተቆረቆረኝ። ያኔ ልሰጣት ይገባኝ ነበር ወይስ አይገባኝም? ሁለቴ እጄን ወደ ልብሴ አነሳሁ፣ ሁለቴ መለስኩት። እናቷን በገዛ ጣቷ አጥፍታ ለተቀመጠች ልጅ፣ ቆይ፣ እኔ ሰርቄ አስቀርቼልሻለሁ እንዴት ይባላል? በሩ ላይ አቅፋኝ ሄደች፤ ስታቅፈኝ ፍላሹ የሚሰማት መስሎኝ ደረቴን ወደ ኋላ ሳብኩ።

ሐሙስ ሐራጁ ሆነ። የድሬዳዋው ሰውዬ ዲስኮቹን ማንም ባልተወዳደረበት ዋጋ ወሰደ፤ ዓርብ ተመልሶ መጥቶ ባዶ ናቸው ብሎ ባንኩን በጩኸት ሞላው። አብዱልፈታ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባትን አሳየው፣ የእኔን ፊርማም አሳየው። ይሠራሉ አይደለም እንዴ አለው። ሐጂ ዐብዱልገኒ ይሄን ሲሰሙ መስጊዱ በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቁምሳጥኑስ አሉኝ፣ ባዶ ነው አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ ውሉ ሲፈረም አንቺን እያየሁ ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም አሉኝ። በሕይወታቸው የነገሩኝ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ፍላሹ ዘጠኝ ቀን ከእኔ ጋር ቆየ። ትራስ ሥር አድርጌው አልተኛም፣ ቁምሳጥን ውስጥ ከትቼው እናቴ ትከፍተው ይሆን እላለሁ፣ ገበያ ስወጣ ይዤው እወጣና በየአሥር እርምጃው እዳብሰዋለሁ። አንዴ አይ ሐዋን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና አልጋ የያዘ ሰው የምጠይቅ መስዬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ናዝራ ደውላ ለሰርጓ ጠራችኝ፤ ካሜራ ይዘሽ አትምጪ፣ እንዲያው ነይ አለችኝ። ስልኩን ስዘጋ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ፀሐይዋ ገና አልከረረችም ነበር። ከኤረር በር ውጭ፣ ገለባ ከሚራገፍበት ቦታ አለፍ ብሎ ያለ ድንጋይ ላይ ፍላሹን አስቀመጥኩ፣ ሌላ ድንጋይ አነሳሁ። ሦስት ጊዜ መታሁት። አህያ የምትነዳ ሴትዮ ቆም ብላ አየችኝ፣ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ስብርባሪውን ለቅሜ ለየብቻ ጣልኩት።

ሰርጉ ላይ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ባዶ እጄን ጎትተው መሀል አስገቡኝ፣ ጨፈርኩ፣ አልቻልኩበትም፣ ሳቁብኝ። አይ ሐዋ ከበሮውን ይዘው ነበር፤ እንደዚያኛው ጊዜ ሻሻቸውን ጥለዋል። ናዝራ መሀል ላይ ስትዞር ቁርጥ ጃሚላ ናት፣ ያቺኑ ወገብ፣ ያቺኑ ሳቅ፤ ይሄን የምናውቀው ደግሞ እኔና አሮጊቶቹ ብቻ ነን፣ ልጅቷ ራሷ አንዴ ብቻ ነው ያየችው። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን ፍላሹን ከሰበርኩባት ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ያብከነክነኛል፣ እየጨፈርኩም አልተወኝም። ለባሌም ቢሆን ነበር ያለችው ጃሚላ። ለልጄም እንዳታሳዪ ግን አላለችም።